የተጨማደደ ጋውን

ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ሐሳብ አይጠየቅም። ቢጠየቅም መልሱ አንድ ነው፤ «ልክ ነህ» ይላል። ነፋሱ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ጸጉር ሲያስተካክል ያረጀ ሰው ይህን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው! ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሆዱን ጉዳይ ለደንበኞቹ የሚያነሳው ወይ ፎጣውን አንገታቸው ላይ ሳያስር ነው፣ ወይ ደግሞ ሽቶውን ቀብቶ፣ መስታወቱን ከኋላ አሳይቶ ሲጨርስ። አንድ ቀን ብቻ ተሳስቶ መሐል ላይ ጠየቀ። ያን ዕለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ተስማማለት። ደስ ብሎት ዋለና፣ ሱቁን ሲዘጋ ነገሩ ገባው፤ ብቻውን ሳቀ።

ጥያቄው አንድ ነበር። «ወደ ሞተሬ ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ?»

ሞተር ስል ዕቃ የሚያመላልሱበትን እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ቀይ ነው፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ የእሽቅድምድም ዘር። ሰው ቀና ብሎ ተቀምጦ ሳይሆን ሆዱን የቤንዚን ታንከሩ ላይ ለጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚነዳው። ማርሽ ሲቀየርለት የመንደሩ መስኮት ይንቀጠቀጣል። የሰፈር ልጆች ነፋሱ የሚለውን ስም ያወጡለትም በሞተሩ ምክንያት ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ ሌላ ቦታ የለም።

ነፋሱ ሥራውን አክባሪ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ሆዱ ግን ቶሎ የሚከፋ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ዙሪያ ሲዞር ይውላል። መስታወት፣ ወንበር፣ መስታወት፣ ወንበር። እሑድ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ወደ ግድቡ በሚወስደው መንገድ ሲለቀው ግን ያ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ቀጥ ይልለታል። «ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዤ እውላለሁ፤ እሑድ የራሴን አገኛለሁ» ይል ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ታዲያ በዚያው መንገድ ትልቁ ኩርባ ላይ ጠጠር ጠበቀው። የኋላ ጎማው ከዳው። ሞተሩ ወደ አጥሩ፣ እሱ ወደ ቦዩ ሄዱ። የትከሻው አጥንትና የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። «ተመስገን ነው፣ እንኳንም ግራው ሆነ» ያሉትን ሰዎች ምን እንዳላቸው እዚህ አልደግመውም። የጸጉር አስተካካይ ቀኝ እጅ ምላጭ ይይዛል፤ ጭንቅላቱን የሚያዞረውና ቆዳውን የሚወጥረው ግን ግራው ነው። ቆዳ ካልተወጠረ ምላጭ ደም ነው። ሞተሩ ላይም ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮኑን የሚጨብጠው ያው ግራ እጅ ነው። ሱቁ ለወራት ተዘጋ፤ ቤቱ በሚስቱ ደሞዝ ቆመ።

እጁ ድኗል። ሲበርድ ትንሽ ያመዋል እንጂ ምላጩንም ቶንዶሱንም እንደ ድሮው ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሞተሩንም ጓደኛው ብሎን ጠግኖ፣ ቀለሙን መልሶ፣ ጋራዡ ጥግ ላይ ሸራ አልብሶ አስቀምጦለታል። ብሎን መካኒክ ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ብሎኖቹን አፉ ውስጥ ይዞ ስለሚያወራ ነው ስሙ የወጣለት። የዛሬ ወር ገደማ ታዲያ ብሎኖቹን ሁሉ ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለው፦

«ስማ ወዳጄ፣ ይሄ ሞተር ጾሙን አደረ። ወይ ንዳው፣ ወይ ለሚነዳው ስጠው። አንድ የጥርስ ሐኪም አይቶት ልቡ ቆሟል። በየሳምንቱ እየመጣ ሸራውን ይገልጣል። ምን ልበለው?»

«ትንሽ ይታገስ በለው።»

«ሐኪሙ ይታገሳል። ጎማው ነው የማይታገሰው፤ ቆሞ ይበሰብሳል።»

ነፋሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩን በቀልድ ያልፈው ነበር፤ አሁን ግን ሃምሳ ዓመቱን ይዟል። አሁን ካልተመለሰ መቼም አይመለስም። ተመልሶ ደግሞ ያች እጅ ሁለተኛ ብትሰበር ሱቁ የለም፣ ልጁም ትምህርቷን ሳትጨርስ ትቀራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለዚህ ነው። እንደዚያም ሆኖ መንገድ ላይ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር የግራ እጁ ጣቶች ሳይታወቀው ጭብጥ ይላሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ጋውኑ ልንገራችሁ። ሞተሩን ረስቼው አይደለም፤ ይመጣል።

ነፋሱ ሱቁ ውስጥ ነጭ ጋውን ይለብሳል። ድሮ ያ ጋውን የሰፈሩ መነጋገሪያ ነበር። እጥፋቱ እንደ ምላጭ ነው፤ ኮሌታው ቀጥ፤ ኪሱ እንኳ የተተኮሰ። ጡረተኛው ዳኛ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የማይቀሩት ደንበኛው፣ «እኔ ችሎት ላይ ስቀመጥ እንዲህ ለብሼ አላውቅም» ይሉት ነበር። እሱም ደረቱን ነፍቶ «ሚስቴን አመስግኑ» ይላል።

ከወደቀ ወዲህ ግን ጋውኑ ይጨማደዳል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደተሰጣ ተነስቶ ይለበሳል። ጋውኑ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ የሚተኮስ ነገር ቀረ። ሚስቱ ሹራብ ትለብሳለች፤ ሹራብ ካውያ አይፈልግም። ነርስነት የምትማረው ልጁ የደንብ ልብሷን ፍራሽ ሥር አድርጋ እየተኛችበት ታቃናዋለች። ዳኛው በየሳምንቱ ሳይሰለቹ ይተርቡታል፦

«ምነው፣ ላም አኘከችህ እንዴ?»

ነፋሱ ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም። ነገሩን የተረጎመው በራሱ መንገድ ነው፤ «ከወደቅኩ ወዲህ አትወደኝም» ብሎ። አልጋ ላይ ወድቆ ያጎረሰችውን፣ ያጠበችውን ሚስት እንዲህ ማሰብ ግፍ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ቢሆንም ጋውኑን በለበሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይከፋዋል። ታዲያ ራሱ አይተኩስም ነበር ወይ ያላችሁ እንደሆነ፣ ኩርፊያ አታውቁም ማለት ነው። ያኮረፈ ሰው እጅ እያለው እጅ የለውም።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ «ተቀመጥ! አትግፋ! አፍንጫህን ጥረግ!» ስትል ስለምትውል እቤት ስትገባ ቃል ትቆጥባለች። ስለ ሞተሩ ድሮም ክፉ ደግ ተናግራ አታውቅም። እሑድ ሲወጣ «እሺ» ትለዋለች፤ ሲመለስ «ደህና መጣህ» ትለዋለች። እሱም ጋራዥ ተቀምጦ በሷ ይመጻደቅ ነበር። «የናንተ ሚስቶች በር ላይ ተኝተው ያለቅሳሉ፤ የኔዋ ሞተር አትፈራም!» ይል ነበር።

ሐሳብ ሲጠይቅ ሰነበተና በመጨረሻ ወደሷ መጣ። ራት አቅርባ ሳህን እያነሳች ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞተሩን እሑድ ልሞክረው ብዬ ነበር። ምን ይመስልሻል?»

ሳህኖቹን ደራረበቻቸው። «እጅህ ቻለ?»

«ችሏል።»

«እሺ» አለች። ፊቷን ወደ ማጠቢያው እንዳዞረች፣ «ወፍራሙን ጃኬት ልበስ» አለችው።

በቃ። ይኸው ነው። ነፋሱ ይህን እንደ ምርቃት ቆጠረው።

እሑድ ጠዋት ብሎን ሞተሩን በር ድረስ አመጣለት። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ባትሪ። ነፋሱ ሄልሜቱን አጠለቀና ተቀመጠ፤ ፍሬኑን አንዴ ሞከረው፣ ደግሞም ሞከረው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ቁልፉን ሲያዞረው ያ የለመደው ጉርምርምታ ከመቀመጫው ተነስቶ እስከ ጥርሱ ወጣ። ልጁ በመስኮት እጇን አወዛወዘችለት። ሚስቱን አላያትም።

ከተማው ውስጥ እንደ ሽማግሌ ነው የነዳው። ታክሲዎች ጥሩምባ እየነፉ አለፉት፤ አንዱ እንዲያውም «አባቴ፣ ይገፋልዎት እንዴ?» ብሎት ሄደ። የመጨረሻውን ነዳጅ ማደያ አልፎ መንገዱ ባዶ ሲሆንለት ግን እጀታውን ጠምዘዝ አደረገው። ሞተሩ እንደተነካ ነገር ወደፊት ተስፈነጠረ። ነፋሱ ጎንበስ አለ። ነፋስ ደረቱ ላይ ተደገፈ፤ ሐሳብ ሁሉ ከኋላው ቀረ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ማርሽ። ግራ እጁ አልከዳውም፤ አንዴም እንኳ አላመነታም።

ኩርባው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ያ ጠጠር የነበረበት ቦታ አዲስ አስፋልት ለብሷል። ሞተሩን ወደ ጎን ጣል አድርጎ ዞረውና ቀና ሲል፣ ሄልሜቱ ውስጥ እንደ ልጅ ጮኸ። ምን ብሎ እንደጮኸ ራሱም አያውቀውም። ግድቡ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ሄልሜቱን አውልቆ ውሃውን እያየ ብዙ ተቀመጠ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እነዚያን አራት ዓመታት እንደ ሰው እንዳልኖራቸው ያን ጊዜ ገባው። «ተመልሻለሁ» አለ ጮክ ብሎ። ማንም አልሰማውም።

እቤቱ ሲደርስ በሩን ገና ሳይከፍት የሞቀ ጨርቅ ሽታ ተቀበለው። ገባና ክው አለ። ሶፋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁሉ የተተኮሰ ልብስ ነው! ጋውኖቹ በሙሉ ተሰቅለዋል፤ እጥፋታቸው እንደ ድሮው ምላጭ ነው። አንሶላው ተተኩሷል። መጋረጃው ወርዶ ተተኩሶ ተመልሶ ተሰቅሏል። የሳህን መጥረጊያው ተተኩሷል። ካልሲ እንኳ! ካልሲ የሚተኩስ ሰው በዓለም ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚስቱ ማጠቢያው ጋ ቆማ ግራ እጇን የቧንቧ ውሃ ሥር ይዛለች።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ደህና መጣህ?»

«በጣም እንጂ! እንዴት ያለ መንገድ መሰለሽ!» አለና ያየውን ሁሉ ተረከላት። እሷም እጇን በፎጣ ጠቅልላ ሰማችው። ነፋሱ እያወራ ጋውኖቹን ይሰርቅ ነበር በዐይኑ። ሆዱ ባባ። ሰው ሆኜ ስመለስላት እሷም ተመለሰችልኝ፣ አለ በልቡ። እስቲ ምን ትሉታላችሁ! ከዚህ የበለጠ ስሕተት ከባል በቀር ማን ይሳሳታል?

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት እንደ ሙሽራ ነበር። ዳኛው ገቡና በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ተው! ተው! ይሄ ማን ነው?»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«የተረሳ ፋይል ተከፈተ በለኛ!»

«ሚስቴ ናት» አለ ነፋሱ፣ ድሮ እንደሚለው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሞተር ላይ ወጣሁ፤ ደስ ስላላት ያለውን የሌለውን፣ ካልሲ ሳይቀር ስትተኩስ ዋለች።»

ዳኛው ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ ትንሽ አሰቡ። «ደስ ያለው ሰው ይዘፍናል፤ ካልሲ ይተኩሳል ሲባል አልሰማሁም» አሉ። ነፋሱ ግን ፎጣውን አንገታቸው ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ጨዋታውን ቀየረ። ማታ ሞተሩን ወደ ቦታው ሊመልስ ጋራዥ ሄደ። «ሐኪሙን ሌላ ሞተር ይፈልግ በለው» አለው ብሎንን።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ከነፋሱ በቀር ያላወቀ አልነበረም፤ ልጁም ታውቅ ነበር። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ እናትየው ከሥራ ሳትመለስ አባትና ልጅ ሻይ ይዘው ተቀምጠው ነበር።

«እሑድም እወጣለሁ» አላት። «እናትሽ እንዴት ደስ እንዳላት አየሽ? ከስንት ጊዜዋ ካውያ አነሳች!»

ልጅቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ የምርህን ነው?»

«ምኑን?»

«እማዬ ደስ ሲላት አይደለም የምትተኩሰው። ስትፈራ ነው።»

ነፋሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ድሮ እሑድ እሑድ በሩን ዘግተህ ስትወጣ ካውያውን ትሰካው ነበር። የሞተርህ ድምፅ መንገዱ ጫፍ ላይ እስኪሰማ አትቀመጥም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ልብስ አቀብላታለሁ። ልብሱ ሲያልቅ የተተኮሰውን ውሃ ትረጭበትና እንደገና ትጀምራለች። 'እማዬ፣ ይሄ እኮ ተተኩሷል' ስላት 'ዝም በይና አቀብይኝ' ትለኛለች። ድምፁን ስትሰማ ትነቅለውና ወደ ማጠቢያው ሄዳ ሳህን ያጠበች ትመስላለች።»

«አልነገርሽኝም እኮ!»

«አትንገሪው አለችኛ።» ልጅቱ ድምፅዋን ቀነሰች። «የወደቅክ ዕለት ስልክ ሲደወል ጋውንህ ላይ ነበረች። ካውያውን እዚያው ጥላው ሮጠች። ስንመለስ ጋውኑ መሐሉ ላይ ነዶ፣ ገመዱም ተቃጥሎ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ካውያውን ዐይቼው አላውቅም፤ ባለፈው እሑድ ግን አውጥታ ገመዱን በፕላስተር ጠቅልላ ሰካችው።»

ነፋሱ አንዲት ጋውን እንደጠፋችበት አስታወሰ። ያን ጊዜ ከሆስፒታል እንደወጣ ጠይቋት «ከማስጫው ገመድ ላይ ሰው ወስዷት ይሆናል» ብላው ነበር። ተነስቶ ቆመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሻዩ ቀዘቀዘ። አራት ዓመት ሙሉ ያኮረፈባት በምን ነበር? ሰላም ስላገኘች! ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ደንቆሮ» አለ። ልጁም ብልህ ናትና አላስተባበለችም።

ሚስቱ ስትገባ ልጅቱ መጽሐፏን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ነፋሱ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«የምን እጅ?»

«ግራሽን።»

ዘረጋችለት። ሁለት ጣቶቿ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር አለ።

«ነዘረሽ?»

«ሁለቴ» አለች፤ ስለ ሰው እጅ እንደምታወራ ሁሉ።

«ነዝሮሽ ደግሞ ቀጠልሽ?»

«አንተ መች መጣህና?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እሷ ግን ቆማ ሽንኩርቷን መላጥ ጀመረች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ያኔ?»

«ብነግርህ ትተወዋለሃ።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

«እኔ ስላልኩህ ብትተወው፣ ዕድሜ ልክህን 'እሷ አስተወችኝ' ትላለህ። አፍህ ባይለው ፊትህ ይለዋል። እኔ ደግሞ ያን ፊት እያየሁ አልኖርም።» ሽንኩርቱ ዐይኗን አስለቅሷታል፤ ወይ ሽንኩርቱ ነው ወይ ሌላ ነው። በክንዷ ጠረገችው። «እሑድ ስትገባ ፊትህን ዐየሁት። እንዲያ ያለ ፊት ካየሁብህ ቆይቷል። ደስ አለኝ ብልህ ውሸት አይደለም። ፈራሁም ብልህ ውሸት አይደለም። ሁለቱም የኔ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱን ለኔ አታሸክመኝ» አለች። ቆጣ አለች። «ሂድ ካልክ ሂድ። አልከለክልህም፣ አላለቅስብህም። ግን ካውያ ግዛልኝ። ያኛው ይገድለኛል።»

በማግስቱ ሱቁን ለምሳ ሲዘጋ ነፋሱ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲያጽናና ነበር። ፈቅዳለች እኮ፤ ካውያ ነው ያለችው፣ ደህና ካውያ ይገዛላታል፣ የማይነዝር፣ የማያቃጥል። ቀስ ብሎም ይነዳል። በጊዜም ይመለሳል። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ አንደበት አለው!

ሻጯ መደርደሪያውን አሳየችው። «ለቤት ነው? ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«ለሦስት ሰው ይቺ ትበቃለች» ብላ ትንሿን አወረደችለት። «ቀለል ያለች ናት። በሳምንት አንዴ ለሚተኩስ ሰው ነው።»

ነፋሱ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አየ። «ያስ?»

«ያ የልብስ ንጽሕና ቤቶች የሚወስዱት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቢሠራ አይደክምም። እቤት ውስጥ ምን ያደርግላችኋል? ማን ነው እንዲህ የሚተኩሰው?»

«ሚስቴ» አለ።

«ትሠራበታለች?»

«እስቲ አውርጂልኝ» አለ። ሻጯ ትልቁን ካውያ አወረደችና ሰጠችው። በግራ እጁ ተቀበለው። ከባድ ነው፤ የታመመች አንጓው ወዲያው ተሰማችው። ሳያስበው ጠረጴዛው ላይ ወደፊት ገፋው፣ ወደኋላ ሳበው፣ ወደፊት ገፋው። እሱ ግድቡ ጋ ተቀምጦ ውሃ እያየ፣ ሳይቸኩል፣ «ተመልሻለሁ» እያለ፣ እሷ እንዲህ ነበረች። በነዘራት እጇ። እሑድ ሲመጣም እንዲህ ልትሆን ነው፤ የሚቀጥለውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። የሚገዛላት የሚያገለግላት ዕቃ ሳይሆን ፍርሃቷን የሚያሞቅ ዕቃ ነው፤ አዲስ፣ የማይደክም።

ካውያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ትንሿ ትሻላለች አይደል?» አለችው ሻጯ።

«ሁለቱም ይቅሩ እህቴ። አድክሜሻለሁ፣ ይቅርታ።»

ከዚያ በቀጥታ ጋራዥ ሄደ። ብሎን አንድ መኪና ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

«ሐኪሙን ጥራው» አለ ነፋሱ ለእግሮቹ።

ብሎን ተንሸራቶ ወጣ። «ባለፈው ሌላ ይፈልግ አላልክም?»

«አሁን ይምጣ እልሃለሁ።»

ብሎን ፊቱን አየና አልተከራከረም። ነፋሱ ሸራውን ገለጠ። ታንከሩን በመዳፉ ዳበሰው፤ ፍሪሲዮኑን አንዴ ጨብጦ ለቀቀው። ከዚያ አለቀሰ። ሽማግሌ ሆኖ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚገባ በሚወጣበት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። ብሎን እጁ ላይ የያዘውን መፍቻ «የት አባቱ ሄደ» እያለ ሲፈልግ ቆየለት። ጓደኛ እንዲህ ነው።

እቤት ሲገባ ሚስቱ ቀድማው ገብታ ነበር። ባዶ እጁን አየች። ከኋላው ዕቃ አስቀምጦ እንደሆነም ወደ በሩ አየት አደረገች።

«ካውያውስ?»

«አልገዛሁም።»

«ዘጉ?»

«አልዘጉም። ክፍት ናቸው። ብዙ ዓይነት አላቸው።» ጃኬቱን አወለቀና ሰቀለው። «አልገዛም። አንቺ አይደለሽም ያስተውሽኝ፤ እኔ ነኝ። ፊቴን እይው ከፈለግሽ።»

አየችው። ትንሽ አይደለም፣ ረጅም ጊዜ ነው ያየችው፤ አፍንጫውን ጠርጎ እንደሆነ የምትመረምረው ሕፃን ይመስል። ዐይኑ ቀልቷል፤ እሱን አልደበቃትም። ከዚያ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለቻቸው።

«እሺ» አለች። ያች የለመደችው ቃል ናት፤ ያን ጊዜ ግን ፊቷን ወደ ማጠቢያው አላዞረችም። ነፋሱ ሄዶ ምድጃውን ለኮሰ፤ ያን ቀን ራቱን እሱ ሠራ። ጨው አበዛበት፤ ሦስቱም በሉት።

አሁንም ቀላል አይደለም። ሱቁ በር ላይ ትልቅ ሞተር ሲያልፍ የግራ እጁ ጭብጥ ይላል። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ጭንቅላቱ ሲጨመቅበት «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይላል። ነፋሱም «ይቅርታ፣ እጄ ናት» ብሎ ይለቀዋል። የጥርስ ሐኪሙ አንድ ቀን ሞተሩን ይዞ ጸጉሩን ሊስተካከል መጣ፤ ነፋሱ ያለወትሮው አንድ ቃል ሳይተነፍስ አስተካክሎ ሸኘው። እሑድ ጠዋት ግን ሚስቱ አርፍዳ ትነሳለች። ድሮ ያላየውን ነገር ነው ያየው፤ እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ምንም ሳትሠራ። አንዳንዴ አጠገቧ ሄዶ ይቀመጣል።

የተተኮሱት ጋውኖች ታጥበው አለቁ። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ዳኛው ሲገቡ ነፋሱ እንደ ቀድሞው ተጨማድዶ ጠበቃቸው። ተቀመጡ። ፎጣው ታሰረ፣ አረፋው ተቀባ፣ ግራ እጁ ቆዳቸውን ወጠረ።

«ምነው? ደግሞ ላሚቱ ተመለሰች?» አሉት አረፋው ውስጥ ሆነው።

«ጋሼ፣ የኔ ጋውን ሲጨማደድ ቤቴ ሰላም ነው» አለ ነፋሱ። «ከእንግዲህ ማንም እንዳይስቅበት።»

ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ነበር።

«ልክ ነህ» አሉ ዳኛው።

ነፋሱ ምላጩን አነሳና ራቅ አድርጎ ያዘው። «አሁንስ ጋሼ?»

ዳኛው በመስታወቱ ውስጥ ጋውኑን ከኮሌታው እስከ ኪሱ አዩት፤ ከዚያ ፊቱን አዩት።

«ልክ ነህ» አሉ።